የጋቢናው ፍሬን

ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት መኪና ስትመጣ ሰው ሁሉ የሚያየው መሪውን የጨበጠውን ነው። ባጃጁ ይሸሻታል፤ አይሱዙው ጡሩንባ ይነፋባታል፤ እግረኛውም ቆም ብሎ ያሳልፋታል። ከለማጁ ጎን ስለተቀመጠው ሰው የሚጨነቅ የለም። አሰልጣኝ አለ፣ በቃ! መጠየቅ የነበረበት ግን የአሰልጣኙ እግር ነው። ድንገት ልጅ መንገድ ቢያቋርጥ ያ እግር የሚጫነው ነገር አለው ወይስ ባዶውን ወለል ይረግጣል?

መኪናን ማሰልጠኛ የሚያደርጋት በላይዋ የሚለጠፈው ጽሑፍ አይደለም። ጋቢናው ላይ፣ ከአሰልጣኙ እግር ሥር ያለው ሁለተኛው ፔዳል ነው። ይህን ፔዳል በርካሽ መሥራት ይቻላል። በርካሽም በደንብም መሥራት ይቻላል። በርካሽ ሠርቶ ሰው ማስገደልም ይቻላል። ሦስቱን የሚለያያቸው ገንዘብ እንዳይመስላችሁ።

ሐብሩ ውስጥ አንድ ሰው አለ። ዕድሜውን በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በአላማጣ መካከል አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ነው። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ጭነቱን ተወና ባጠራቀመው ብር አንዲት አሮጌ ኮሮላ ገዛ። ሐሳቡ መኪናዋን ለአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ ማከራየትና ራሱም በዚያው አሰልጣኝ ሆኖ መሥራት ነበር። ልምዱ አለው፣ ወረቀቱ አለው፣ መኪናዋም አለች። የጎደለው ሁለተኛው ፔዳል ብቻ ነበር። መኪናዋን ከገዛ በኋላ ኪሱ ውስጥ የቀረው ብር ደግሞ ብዙ የሚያስኬድ አልነበረም።

ውጭ አገር ይህ ነገር ተሠርቶ በካርቶን የሚሸጥ ዕቃ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሳውዝሃምፕተን ከተማ ያለው ሂ-ማን የሚባል ኩባንያ ሥራው ይኸው ነው፤ ለየመኪናው ዓይነት የሚስማማ ተጨማሪ ፔዳል ይሠራል። ዋጋው ግን በፓውንድ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ በውጭ ገንዘብ የተጻፈ ዋጋ ለመርሳ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ጊዜ ማጥፋት ነው። አዲስ መኪና ይግዛ እንዳይባል፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኳ ደግሞ ፍሪሲዮን የላትም። ነገ አይሱዙ ነድቶ እናቱን ለመጦር የሚፈልግ የግራና ወይም የውርጌሳ ልጅ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ተምሮ የት ይደርሳል? ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነበር፦ መርሳ፣ ጋራዥ፣ ብየዳ።

ጋራዡም ያው የዚህ አገር ጋራዥ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ሐብሩንና ወልዲያን ሲያቋርጥ የብዙ ሰው ዕቃ እንደሄደ የእሱም ሄዷል። ከዚያ አገግሞ ሳይጨርስ ሌላ ግጭት መጣ፤ መንገዱ ሲዘጋ መለዋወጫ ይጠፋል፣ ሲከፈት ዋጋው ይንራል። እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው «የለም» ከሚለው ቃል ጋር አብሮ መኖርን ለምዷል። ለምዶም ብልሃተኛ ሆኗል፤ አንዳንዴም ከልኩ በላይ።

«ጋሼ፣ አብሽሩ! የሞተር ሳይክል ፍሬን ኬብል እንስብለታለን። ግማሽ ቀን አይፈጅም» አለ መካኒኩ።

«አንተ ልጅ፣ ቢበጠስስ?»

«ወላሂ አይበጠስም።»

እውነቱን ነው፣ አልተበጠሰም። የባሰ ነገር ሆነ፤ ተለጠጠ። የሞተር ሳይክል ኬብል የተሠራው ለጣት ነው። የደነገጠ ሰው እግር የሚጫነው ኃይል ከጣት ጋር አይወዳደርም። ኬብሉ ይሳባል፣ ሽፋኑ ይጨማደዳል፣ የተጠማዘዘበት ቦታ ላይ ይታነቃል። አሰልጣኙ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሲያወርደው የለማጁ ፔዳል ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። የተበጠሰ ኬብል ቢያንስ መበጠሱ ይታወቃል፤ የተለጠጠው ግን ሳይነግራችሁ ነው የሚከዳችሁ።

መጀመሪያ ላይ አታሏቸውም ነበር። መኪናዋን አቁመው ከጋቢናው በኩል ሲጫኑ ከኋላ ቀዩ የፍሬን መብራት በራ። መካኒኩ አጨበጨበ። ነገር ግን ያ መብራት የሚበራው ፔዳሉ ገና ከቦታው ነቅነቅ ሲል ነው። ፍሬኑ ጎማውን መያዝ አለመያዙን አይናገርም። ሰውየው አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ስለሆነ በመብራት አልተደለለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ልጁን መሪ አስይዞ፣ እሱ ጋቢናው ላይ ሆኖ በዝግታ አስነዳው፤ ከዚያ ራሱ ረገጠ። የቆሙበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አደረገ። ቀጥሎ በዚያው ፍጥነት ልጁ በራሱ ፔዳል እንዲይዝ አደረገ። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለውን ርቀት በእርምጃው ከለካ በኋላ ምንም ሳይናገር ኬብሉን ፈቶ ጣለው።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትጓዛለች። ገበያ ቀን መርሳ መሐል 11 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው፣ ስንት አህያና ስንት የማንጎ ቅርጫት እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሁለተኛው መንገድ የብረት ዘንግ ነው። በዳሽቦርዱ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ፣ ጫፍና ጫፉ በቦኮላ ውስጥ የሚሽከረከር ዘንግ። በቀኝ ጫፉ የአሰልጣኙ ፔዳል ይንጠለጠላል፤ በግራ ጫፉ ያለው አጭር ክንድ የለማጁን ፔዳል ይይዛል። ፔዳሉ የተገኘው ከተበተነ መኪና ነው። እዚህ ላይ መካኒኩና ሰውየው ክፉኛ ተከራከሩ። መካኒኩ ክንዱን ከዋናው ፔዳል ጋር በብየዳ ማያያዝ ፈለገ። ሰውየው እምቢ አለ። ትክክልም ነበር። ፋብሪካ የሠራውን ፔዳል በብየዳ እሳት ካቃጠላችሁት የብረቱ ጥንካሬ እንደነበረ አይቆይም፤ ነገ ቢሰነጠቅ ደግሞ የሚጠፋው የአሰልጣኙ ፍሬን ብቻ ሳይሆን የመኪናዋ ፍሬን ነው። ስለዚህ በሁለት ብሎን ተቆንጥጦ ታሰረ። ተጨማሪው ነገር ቢበላሽ ተፈትቶ ይጣላል፤ መኪናዋ ግን እንደተወለደች ትቀራለች። ማንኛውም በኋላ የሚጨመር ነገር ዋናውን ባይነካ ይመረጣል።

ፍሬንን በዘንግ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ማሻገር አዲስ ነገር አይደለም። መሪ ከቀኝ ወደ ግራ ወይም ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር አንዳንድ ፋብሪካዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። አንዳንዴም ጉድ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ ውስጥ ሲትሮየን ሲ3 ፒካሶ በተባለችው መኪና ከጎን የተቀመጠ ተሳፋሪ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ሲጫን መኪናዋ ፍሬን ትይዝ እንደነበር ታወቀ። ሁለቱን ጎን የሚያገናኘው ዘንግ በቀጭን ሽፋን ሥር ነበር። ኩባንያው መኪኖቹን ጠርቶ ለማስተካከል ተገደደ። እነሱ ሳይፈልጉት ያገኙትን የመርሳው ሰው በለፋ እጁ ነው የሠራው።

ዘንጉ ሲገጠም ሌላ ችግር ብቅ አለ። ተጨማሪው ፔዳል ክብደት አለው። ያ ክብደት ዋናውን ፔዳል በትንሹ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ፍሬኑም ሳይነካ ጎማውን እያሻሸ ይሄዳል። ሜዳ ላይ አታስተውሉትም። ከዲልብ ወደ ወልዲያ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን የተሻሸ ፍሬን ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ልክ ስትፈልጉት ሰነፍ ይሆናል። እዚያ ቁልቁለት ላይ በማርሽ መውረድን የማያውቅ ሾፌር ምን እንደሚገጥመው ሰውየው በአይሱዙ ዘመኑ በዓይኑ አይቷል። መፍትሔው አንድ ሞላ ነበር፤ ተጨማሪውን ፔዳል ወደ ላይ ደግፎ የሚይዝ ሞላ። ከጠቅላላው ሥራ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፤ በብዙ መኪና ላይ የሚረሳውም እሱ ነው።

ለምን ሁለተኛ መሪ አይገጠምም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው፦ እጅ ይደርሳል፣ እግር አይደርስም። አሰልጣኙ ግራ እጁን ዘርግቶ መሪውን ማስተካከል ይችላል፤ እግሩን ግን በማርሹ ላይ አሻግሮ ፍሬን ሊረግጥ አይችልም። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ ፔዳል የሌላቸው አሰልጣኞች በእጅ ፍሬን ይጽናናሉ። መጽናናቱ የውሸት ነው። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ በፍጥነት እየሄዱ በኃይል ከሳቡት የኋላው ጎማ ይቆለፍና መኪናዋ ትሽከረከራለች። ቁልፍ ነቅሎ ሞተር ማጥፋት ደግሞ የባሰ ነው። ቁልፉ ሲወጣ መሪው ይቆለፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋም ፍሬኑን የሚያቀልለው ኃይል ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፣ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል። «እኔ ቁልፉን እነቅላለሁ» እያለ የሚፎክር አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ውረዱ።

ጥያቄው የመኪና ብቻ አይደለም። ከውርጌሳ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ሐይቅ ስትደርሱ ታንኳ ላይ የተቀመጠው ሰው በአንድ መቅዘፊያ መሪም ሞተርም ፍሬንም ነው፤ ሁለተኛ አዛዥ አያስፈልገውም። ችግሩ የሚጀምረው ሞተር ሲገባ ነው። አነስተኛ የሞተር ጀልባ ያላቸው ሰዎች ከፊትም ከኋላም ሆነው ለመንዳት ሁለተኛ መሪ ይጨምራሉ፤ ብዙዎቹም በዘይት ግፊት የሚሠራውን ይመርጣሉ። ሁለቱ መሪዎች አንድ የዘይት መስመር ይጋራሉ፤ አንዱ ሲዞር ሌላው እንዳይዞር የሚከለክል መቆለፊያ ቫልቭም አላቸው። ብር ሲያጥር የሚሠራው ስህተት እዚያም ያው ነው። ሰው መሪውን ይጨምርና ነዳጅ መስጫውንና ማጥፊያውን ፊተኛው ቦታ ላይ ይተዋቸዋል። ጀልባዋን ማዞር ይችላል፣ ማቆም አይችልም። ከሩቅ ሲያዩት ግን ሁለት ሾፌር ያላት ጀልባ ናት።

ወደ ኮሮላዋ እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ዘንጉ ከተገጠመ በኋላ ማንም ያላሰበው ነገር ታየ። ሁለቱ ፔዳሎች የታሰሩት በብረት ስለሆነ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይነሳሉ። አሰልጣኙ ሲረግጥ ለማጁ ፔዳሉ ከጫማው ሥር ሲወርድ ይሰማዋል። ለማጁ ሲረግጥም አሰልጣኙ ይሰማዋል፤ ዘግይቶ መሆኑን፣ ፈርቶ መሆኑን፣ በግማሽ ልብ መሆኑን በእግሩ ያነባል። ያ ተራ ብረት መልእክተኛ ሆነ። በብዙ ብር ለብቻው ሁለተኛ የዘይት ፖምፓ ቢገጠም ኖሮ መኪናዋ ትቆማለች፤ ለማጁ ግን ማን እንዳቆማት አያውቅም ነበር።

ይህ ልዩነት ሰማይ ላይ ሕይወት አስከፍሏል። ግንቦት 24 ቀን 2001 ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የወደቀው የኤር ፍራንስ 447 ኤርባስ ነበር። በኤርባስ የሁለቱ አብራሪዎች መቆጣጠሪያ በብረት የተያያዘ አይደለም፤ የአንዱ ሲንቀሳቀስ የሌላው አይንቀሳቀስም። ኮምፒውተሩ የሁለቱን ትእዛዝ ይደምረዋል። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አንዱ አፍንጫውን ወደ ላይ ሲስብ ሌላው ወደ ታች ለመግፋት የሞከረበት ጊዜ ነበር፤ አንዱ የሌላውን እጅ አላየም። 228 ሰው አለቀ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ያ ቦይንግ ነው፤ መቆጣጠሪያዎቹ የተያያዙ ናቸው። ካፒቴኑ ረዳቱን አብረን ወደ ላይ እናንሳ ብሎት እንደነበር የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት መዝግቧል። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ይስባሉ። ሆኖም ሦስተኛ ያልታየ እጅ፣ በአንድ የተበላሸ መለኪያ የተሳሳተ ሶፍትዌር፣ አፍንጫውን ወደ ታች ሲገፋ ነበር። 157 ሰው ያለቀው ሁለቱ አብራሪዎች ስላልተስማሙ አልነበረም። ፋብሪካው ከሁለቱ ወንበሮች ሌላ አዛዥ አስቀምጦ ስለ ኃይሉ በቅጡ ስላልነገራቸው ነው።

የሐብሩ ሰው ስለ ኤርባስ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ግን ደንብ አውጥቷል። ሲረግጥ ጮክ ብሎ «ያዝኩ!» ይላል። ሲተው «ለቀቅኩ፣ ያንቺ ነው» ይላል። ለማጇ ደግሞ «ይዣለሁ» ብላ ካልመለሰች እግሩን አያነሳም። መጀመሪያ ላይ ሰልጣኞቹ ይስቁበታል፤ ከሳምንት በኋላ ግን አፋቸው ራሱ ይለዋል። ዝም ብሎ ፍሬን የሚይዝ አሰልጣኝ ጥሩ ሰው ይመስላል፤ ለማጁን አላሳፈረም፣ አልጮኸበትም። ነገር ግን ያ ለማጅ በራሱ ያቆማት መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፈተና አልፎ ብቻውን መንገድ ሲወጣ ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ እግሩም የሌላ ሰው እግር እየጠበቀ የሰነፈ ነው።

ይህን የቢሮ ሰው ቢያነበው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ስንት መሥሪያ ቤት አለ ምክትል የተሾመለት፣ ምክትሉም ወንበርና መኪና የተሰጠው፣ ፔዳሉ ግን ከምንም ጋር ያልታሰረ! ስንት ተቆጣጣሪ ቦርድ አለ፣ ሲረገጥ ከኋላ መብራት ብቻ የሚያበራ! ደጅ ያለው ሰው ቀዩን መብራት አይቶ ተይዟል ብሎ ያምናል። መኪናዋ ግን ትሄዳለች።

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሰልጣኙን ዕድሜ፣ ትምህርትና ጤንነት ይመለከታል። መልካም ነው፤ የለማጁ ዓይን ይመርመር። የአሰልጣኙ ፔዳልም በዚያው ልክ ይመርመር። መሣሪያ አይጠይቅም። መኪናዋ ቆማ፣ ከጋቢናው በኩል ፔዳሉን እስከ መጨረሻው መጫንና የለማጁ ፔዳል እኩል መውረዱን በዓይን ማየት፤ ሲለቀቅ ሁለቱም ሳይዘገዩ መነሳታቸውን ማየት፤ ከዚያ ሰው የሌለበት ቦታ ላይ በዝግታ እየነዱ ከሁለቱም ወንበር ይዞ የቆሙበትን ርቀት ማወዳደር ነው። አሥር ደቂቃ አይወስድም። ለትምህርቱ ብር የሚከፍለው ሰልጣኝ ራሱም ይህን የመጠየቅ መብት አለው፤ የመጀመሪያው ቀን፣ መሪ ከመጨበጡ በፊት። «ጋሼ፣ ያንቱን ፍሬን ልየው?» ማለት ነውር አይደለም። ጥያቄው የሚያስቆጣው አሰልጣኝ ካለ መልሱ ተገኝቷል።

ወጪውን ለሚጠይቅ፦ አንድ ዘንግ፣ ሁለት ቦኮላ፣ ከተበተነ መኪና የወጣ ፔዳል፣ ሞላ፣ ጥቂት ብሎን፣ የሁለት ቀን የእጅ ዋጋ። ተደምሮ ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ብዙም አልዘለለም። የተጣለው ኬብል ግን ኪሳራ ነው፤ መካኒኩ ግማሹን እችላለሁ ብሎ ነበር፣ ሰውየው አልተቀበለውም።

አሁን የቀረው ፍሪሲዮኑ ነው። ያለ ሁለተኛ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ ሞተር ያጠፋ ለማጅን መርዳት ያስቸግራል፤ አሰልጣኙ ፍሬኑን ይዞ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው የለም። ዘንጉ በተመሳሳይ መንገድ ያልፋል፣ ግን ከመሪው ዘንግ ጋር እንዳይነካካ ቦታው መጠናት አለበት፤ ብሩም ከመጀመሪያዎቹ ሰልጣኞች ክፍያ መሰብሰብ አለበት። እስከዚያው ወደ ወልዲያ የሚያወጣቸው ሜዳውን የጨረሱትን ብቻ ነው፤ የዲልብን መንገድ ደግሞ ፍሪሲዮኑ እስኪገጠም አልነካውም ብሏል።